አባሪው እንዴት ይጓዛል? በፓይተን ቋንቋ ኢሜይልን ከነአባሪው ማዘጋጀት

መግቢያ

በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ «አባሪ» የሚል ቃል ሲጻፍ ከደብዳቤው ጋር ሌላ ወረቀት ተያይዟል ማለት ነው። ወረቀቱ በአግራፍ ተይዞ ከደብዳቤው ጋር በአንድ ፖስታ ታሽጎ ይላካል። የኢሜይልን አባሪም ብዙዎቻችን የምናስበው በዚሁ መልክ ነው፤ መልእክቱ ለብቻው፣ ፎቶግራፉ ወይም ሰነዱም ለብቻው ሆነው በማይታይ አግራፍ ተያይዘው የሚጓዙ ይመስለናል። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። በተለመደው የኢሜይል አሠራር ከላኪው የሚነሣው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ ጽሑፍ ነው። ፎቶግራፉም በዚያው ጽሑፍ ውስጥ በፊደላት ተጽፎ ይገኛል። የተቀባዩ ኮምፒዩተር ጽሑፉን አንብቦ ፎቶግራፉን እንደገና የሚሠራው ላኪው በጻፈለት መግለጫ ተመርቶ ነው።

ይህን ማወቅ ጉጉትን ከማርካት ያለፈ ጥቅም አለው። የትምህርት ማስረጃውን ከማመልከቻ ጋር የላከ ተማሪ ፋይሉ በተቀባዩ ዘንድ ሳይከፈት ቢቀር ወይም የፋይሉ የአማርኛ ስም ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ቢደርስ ዕድሉ ሊያመልጠው ይችላል። ለብዙ ሰዎች በፕሮግራም የሚልክ ሰው ደግሞ ካልተጠነቀቀ የአንዱን ሰው ሰነድ ለሌላው ሊያደርስ ይችላል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የኢሜይልን ውስጣዊ አሠራር እንመለከታለን፤ ቀጥሎም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መልእክትን ከነአባሪው እንዴት ማዘጋጀት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ እናሳያለን። አንባቢ በ0 እና በ1 የሚጻፈውን የባይናሪ አቆጣጠር የሚያውቅ ከሆነ ሌላ ቅድመ ዝግጅት አያስፈልገውም። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የመልእክቱ አካልና የሰባት ቢት ችግር

ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1971 አርፓኔት በተባለው መረብ አማካይነት ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ መልእክት ላከ። የመልእክቱ ቅርጽና የመላኪያው ሥርዓት ዛሬ በምናውቀው መልክ የተደነገጉት ግን በ1982 ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት መልእክት ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ራስጌው ሲሆን ላኪውን፣ ተቀባዩን፣ ቀኑንና ጉዳዩን የሚገልጹ መስመሮችን ይይዛል። ሁለተኛው ዋናው ጽሑፍ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ባዶ መስመር ብቻ ነው።

ድንጋጌው በወጣበት ጊዜ ጽሑፍ ማለት አስኪ በተባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ያሉት 128 ምልክቶች ማለት ነበር። እነርሱም የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ አኀዞች፣ ሥርዓተ ነጥቦችና ጥቂት የመቆጣጠሪያ ምልክቶች ናቸው። 128 ምልክቶችን ለመለየት 7 ቢት ይበቃል። አንድ ባይት ግን 8 ቢት አለው። በመሆኑም በመንገድ ላይ ያሉ አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ስምንተኛውን ቢት እንደ ትርፍ ቆጥረው ይጥሉት ነበር።

ይህ በእኛ ፊደል ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ ምሳሌ እንመልከት። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት ለእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ተሰጠው፤ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። ይህ ቁጥር ዩቲኤፍ 8 በተባለው ስልት ሲጻፍ 225፣ 136 እና 128 የሆኑ ሦስት ባይቶችን ይይዛል። የእያንዳንዱ ባይት ስምንተኛ ቢት (ማለትም 128) ቢወድቅ የሚቀሩት 97፣ 8 እና 0 ይሆናሉ። 97 በአስኪ ሠንጠረዥ የእንግሊዝኛው ትንሹ «ኤ» ነው፤ 8 እና 0 ደግሞ የማይታዩ የመቆጣጠሪያ ምልክቶች ናቸው። «ሀ» ጠፍቷል፤ ከተረፈው ቁጥርም መልሶ ማግኘት አይቻልም። በፎቶግራፍና በድምፅ ፋይል ላይ የሚደርሰውም ተመሳሳይ ነው፤ ባይቶቻቸው ከ0 እስከ 255 ያለውን ቁጥር ሁሉ ስለሚይዙ ብዙዎቹ ይበላሻሉ።

2. ማይም፦ ክፍሎችና መለያዎች

ለዚህ ችግር ሰፊ ተቀባይነት ያገኘውን መፍትሔ በ1992 ያቀረቡት ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ናቸው። ቦረንስታይን በዚያው ዓመት በማርች ወር እርሱ የሚያዜምበትን የአራት ሰዎች ቡድን ፎቶግራፍና የድምፅ ቅጂ በኢሜይል አባሪ አድርጎ ልኮ አሠራሩን አሳየ። ሥርዓቱ ማይም ይባላል። የማይም ብልሃት በመንገድ ላይ ያሉትን ኮምፒዩተሮች አለመንካቱ ነው። እነርሱ እንደ ቀድሞው ተራ ጽሑፍ ያስተላልፋሉ፤ ለውጡ የሚደረገው በላኪውና በተቀባዩ ዘንድ ብቻ ነው።

የአንድ መልእክት አጽም በአማርኛ ቢጻፍ የሚከተለውን ይመስላል።

ከ፦ የቤተ ሙከራው መምህር
ለ፦ ተማሪው
ጉዳዩ፦ የቤተ ሙከራ ውጤት
የይዘት ዓይነት፦ ድብልቅ፤ ወሰን፦ ሀ1ለ2
(ባዶ መስመር)
--ሀ1ለ2
የይዘት ዓይነት፦ ተራ ጽሑፍ፤ ፊደል፦ ዩቲኤፍ 8
(ባዶ መስመር)
ውጤትዎን ከዚህ ጋር ተያይዞ ያገኙታል።
--ሀ1ለ2
የይዘት ዓይነት፦ ፒዲኤፍ
የመጓጓዣ አጻጻፍ፦ ቤዝ 64
አቀራረብ፦ አባሪ፤ የፋይል ስም፦ ውጤት
(ባዶ መስመር)
(የፋይሉ ባይቶች በፊደላት ተጽፈው)
--ሀ1ለ2--

«ሀ1ለ2» የተባለው የወሰን ምልክት ነው። ፕሮግራሙ በመልእክቱ ክፍሎች ውስጥ የማይገኝ የፊደላትና የአኀዞች ስብስብ መርጦ በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ያኖረዋል። በመጨረሻው ወሰን ግራና ቀኝ ሰረዞች ሲታዩ መልእክቱ አበቃ ማለት ነው። ከወሰኑ ቀጥሎ ያሉት መስመሮች የክፍሉ መለያዎች ናቸው። መለያዎቹ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳሉ፦ ይህ ምንድን ነው? በምን ስልት ተጻፈ? ስሙ ማን ይባላል? አባሪ ተበላሽቶ ሲደርስ ከእነዚህ ሦስት መለያዎች አንዱ ከይዘቱ ጋር አለመስማማቱን በመጀመሪያ መጠርጠር ይገባል።

3. ቤዝ 64፦ ከባይት ወደ ፊደል

ማንኛውንም ባይት በአስኪ ምልክቶች ለመጻፍ የሚያገለግለው ዋነኛ ስልት ቤዝ 64 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሦስት ባይቶች 24 ቢት ይሆናሉ፤ እነዚህን 24 ቢቶች እያንዳንዳቸው 6 ቢት በሆኑ አራት ቡድኖች እንከፍላቸዋለን። 6 ቢት ከ0 እስከ 63 ያለውን ቁጥር ስለሚይዝ 64 ምልክቶች ይበቁናል። ከ0 እስከ 25 ያሉት በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከ26 እስከ 51 ያሉት በትንንሽ ፊደላት፣ ከ52 እስከ 61 ያሉት በአኀዞች፣ 62 በመደመር ምልክት፣ 63 ደግሞ በዝባዝ መስመር ይወከላሉ።

«ሰላም» የሚለውን ቃል በዚህ ስልት እንጻፍ።

ሰ፦ የዩኒኮድ ቁጥር 4656፤ ባይቶቹ 225፣ 136፣ 176፤ ቡድኖቹ 56፣ 24፣ 34፣ 48
ላ፦ የዩኒኮድ ቁጥር 4619፤ ባይቶቹ 225፣ 136፣ 139፤ ቡድኖቹ 56፣ 24፣ 34፣ 11
ም፦ የዩኒኮድ ቁጥር 4637፤ ባይቶቹ 225፣ 136፣ 157፤ ቡድኖቹ 56፣ 24፣ 34፣ 29

የመጀመሪያውን በዝርዝር እንመርምር። 225 በባይናሪ 11100001፣ 136 ደግሞ 10001000፣ 176 ደግሞ 10110000 ነው። ሦስቱን አያይዘን በየስድስቱ ስንከፍላቸው 111000፣ 011000፣ 100010 እና 110000 እናገኛለን፤ እነዚህም 56፣ 24፣ 34 እና 48 ናቸው።

ከሠንጠረዡ አንድ አስገራሚ ነገር እናስተውላለን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቡድኖች በሦስቱም ሆሄያት 56 እና 24 ናቸው። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ከ4608 እስከ 4991 ባለው የዩኒኮድ የግዕዝ ክልል ውስጥ ያለ ሆሄ ሁሉ የመጀመሪያ ባይቱ 225 ነው፤ ሁለተኛው ባይትም ከ136 እስከ 141 ስለሚሆን የመጀመሪያዎቹ አራት ቢቶቹ ዘወትር 1000 ናቸው። 56 በአኀዝ «4»፣ 24 ደግሞ በትልቁ «ዋይ» ፊደል ይወከላል። ስለዚህ የአማርኛ ቃል በቤዝ 64 ሲጻፍ «4» እና «ዋይ» በየአራት ምልክቱ ይመላለሳሉ። በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ ከእርሱ በኋላ አከፋፈሉ ይዛነፋል፤ ከሦስት ባዶ ቦታዎች በኋላ ግን ድግግሞሹ እንደገና ይመለሳል። አንባቢ የአንድን መልእክት ጥሬ ጽሑፍ ከፍቶ ይህን ድግግሞሽ ካየ አማርኛው ያለ ጉዳት በውስጡ እንዳለ መገመት ይችላል።

የአጻጻፍ ስልት ምርጫም በመጠን ላይ ለውጥ ያመጣል። ሌላው የማይም ስልት ከአስኪ ውጭ ያለውን እያንዳንዱን ባይት በሦስት ምልክቶች ይጽፋል። ጥቂት ባዕድ ሆሄያት ላሉበት የእንግሊዝኛ ወይም የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ይህ ስልት ቆጣቢ ነው። ለአማርኛ ግን አንዱ ሆሄ 9 ምልክት ይፈጃል፤ በቤዝ 64 የሚፈጀው 4 ብቻ ነው። «ሰላም» በአንደኛው 27፣ በሌላው 12 ምልክት ይሆናል።

ሦስት ባይት አራት ምልክት ስለሚሆን አባሪ በጉዞ ላይ ከፋይሉ ይበልጣል። በተጨማሪም ጽሑፉ በየ76 ምልክቱ ይቆረጥና በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ሁለት ባይቶች ይጨመሩበታል። 3,000,000 ባይት የሆነ ፎቶግራፍ 4,000,000 ምልክት፣ በመስመሮቹ መጨረሻ ደግሞ 105,264 ባይት፣ በጠቅላላው 4,105,264 ባይት ይሆናል። ብዜቱ ወደ 1.37 ይጠጋል። አንድ ሰርቨር ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ መልእክት የማይቀበል ከሆነ በአባሪነት ሊላክ የሚችለው ፋይል ከ18 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም። የ20 ሜጋባይት ፋይል ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠቀስ አለበት። ቤዝ 64 ለዓይን እንግዳ ቢሆንም ምስጢር አይጠብቅም። ሠንጠረዡ ለማንም ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ወደ ቀድሞው መልኩ ሊመልሰው ይችላል።

4. በፓይተን አሠራር

ከዚህ በላይ የተገለጸውን ሁሉ በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። ፓይተን ለዚህ ሥራ የሚያገለግል «ኢሜይል» የተባለ ጥቅል አብሮት ይመጣል። አሁን የምናሳየው አሠራር በ2016 መጨረሻ በወጣው ቅጂ 3.6 የጸና ነው። ትእዛዛቱን በግዕዝ ፊደል የጻፍናቸው ለንባብ እንዲመቹ ነው፤ በኮምፒዩተር ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ደረጃ 1. ከጥቅሉ ውስጥ «ኢሜይል መሴጅ» የተባለውን ክፍል አስመጥተን ባዶ መልእክት እንፈጥራለን።

ደረጃ 2. ራስጌውን እንሞላለን። ላኪ፣ ተቀባይና ጉዳይ እያንዳንዳቸው በስማቸው ይመዘገባሉ። ጉዳዩ በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል፤ ወደ አስኪ የሚለውጠው ጥቅሉ ራሱ ነው።

ደረጃ 3. «ሴት ኮንተንት» በሚለው ትእዛዝ ዋናውን ጽሑፍ እናስገባለን። ይህ ከአባሪው መቅደም አለበት። አባሪ ከገባ በኋላ መልእክቱ ባለ ብዙ ክፍል ስለሚሆን ትእዛዙ ስሕተት ያስነሣል።

ደረጃ 4. ፋይሉን በባይትነቱ እናነባለን። ፋይል በሁለት መንገድ ይከፈታል፤ እንደ ጽሑፍና እንደ ባይት። ፎቶግራፍን እንደ ዩቲኤፍ 8 ጽሑፍ ለማንበብ የሞከረ ሰው ብዙውን ጊዜ ገና በመጀመሪያው ባይት ይቆማል፤ የጄፔግ ፋይል የሚጀምረው በ255 ሲሆን ይህ ባይት በዩቲኤፍ 8 ውስጥ ፈጽሞ አይገኝም። እንደ ጽሑፍ ማንበብ ሌላም ጉዳት አለው፤ 13 እና 10 የሆኑ ሁለት ተከታታይ ባይቶችን እንደ መስመር መጨረሻ ቆጥሮ አንድ ያደርጋቸዋል። የፒኤንጂን ሥዕል የነደፉ ሰዎች ይህን አስቀድመው አስበውበታል። ማንኛውም የፒኤንጂ ፋይል በ137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10 ይጀምራል። ስምንተኛው ቢት ከወደቀ 137 ወደ 9 ይለወጣል፤ የመስመር መጨረሻ ከተነካ 13 እና 10 ይዛባሉ። ስለዚህ ፋይሉ በመንገድ መጎዳቱ ገና ከመጀመሪያዎቹ ባይቶች ይታወቃል።

ደረጃ 5. «አድ አታችመንት» በሚለው ትእዛዝ ባይቶቹን፣ የይዘቱን ዓይነትና የፋይሉን ስም እንሰጣለን። የይዘት ዓይነት በሁለት ቃል ይገለጻል፤ ለጄፔግ «ኢሜጅ» እና «ጄፔግ»፣ ለፒዲኤፍ «አፕሊኬሽን» እና «ፒዲኤፍ» ይባላል። «ማይምታይፕስ» የተባለው ሌላ ጥቅል ዓይነቱን ሊገምትልን ይችላል። ግምቱ ግን በፋይሉ ስም ቅጥያ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የፋይሉን ውስጥ አይመለከትም። መልስ ካልሰጠ «አፕሊኬሽን» እና «ኦክቴት ስትሪም» የሚለውን ጠቅላላ ስያሜ እንጠቀማለን፤ ትርጉሙም «የባይቶች ስብስብ» እንደ ማለት ነው።

ደረጃ 6. ከመላካችን በፊት እንፈትሻለን። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ መሣሪያ ሳይመዛዘን ልኬት እንደማይወሰድ ሁሉ እዚህም መልእክቱን «አዝ ባይትስ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ባይት ለውጠን፣ መልሰን በጥቅሉ አንብበን፣ አባሪውን አውጥተን ከመጀመሪያው ፋይል ጋር እናስተያያለን። ባይት በባይት እኩል ከሆኑ አዘገጃጀታችን ትክክል ነው።

5. ለብዙ ሰዎች ሲላክ

አንድ መምህር ለ120 ተማሪዎች የእያንዳንዳቸውን የቤተ ሙከራ ውጤት በፒዲኤፍ ለመላክ ፕሮግራም ይጽፋል እንበል። ተማሪዎቹን ተራ በተራ የሚያዳርስ ዑደት ያስፈልጋል። አደጋው ያለው አዲሱ መልእክት የሚፈጠርበት ቦታ ላይ ነው። መልእክቱ ከዑደቱ ውጭ አንድ ጊዜ ብቻ ተፈጥሮ በየተራው ተቀባዩ ብቻ ቢለወጥ፣ «አድ አታችመንት» በነበረው ላይ ስለሚጨምር ሁለተኛው ተማሪ የመጀመሪያውንም ውጤት ይቀበላል፤ 120ኛው ተማሪ ዘንድ ሲደርስ 120 ፋይሎች ይኖራሉ። ፓይተን እዚህ ላይ በከፊል ይረዳናል። ቀድሞ የተመዘገበ ተቀባይ እያለ ሌላ ተቀባይ ሲመዘገብ ስሕተት ያስነሣል። ነገር ግን ፕሮግራም ጸሐፊው የቀድሞውን ተቀባይ ሰርዞ ከቀጠለ የሚያስጠነቅቀው የለም። ሕጉ አንድ ነው፤ መልእክቱ በዑደቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ አዲስ ይፈጠር።

ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት የሚላክ ከሆነም የ120 ሰዎችን አድራሻ በተቀባይነት ወይም በግልባጭ መደርደር የእያንዳንዱን አድራሻ ለሌሎቹ መግለጥ ነው። ስውር ግልባጭ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። በኢሜይል ሥርዓት በፖስታው ላይ ያለው አድራሻና በደብዳቤው ውስጥ ያለው አድራሻ ይለያያሉ፤ ሰርቨሩ የሚያደርሰው በፖስታው ላይ ላሉት ነው። የፓይተን «ሴንድ መሴጅ» ትእዛዝ የስውር ግልባጭ አድራሻዎችን በፖስታው ላይ ይጽፍና ከደብዳቤው ራስጌ ያወጣቸዋል።

መላኩን የሚፈጽመው «ኤስኤምቲፒሊብ» የተባለው ጥቅል ነው። ከሰርቨሩ ጋር በተለምዶ በበር ቁጥር 587 ተገናኝተን «ስታርት ቲኤልኤስ» በሚለው ትእዛዝ መስመሩን እናመሰጥራለን፤ ከዚያም በስምና በይለፍ ቃል ገብተን እንልካለን። የይለፍ ቃል በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ መጻፍ የለበትም። ፕሮግራሙን ለጓደኛ ያካፈለ ሰው የኢሜይሉንም ቁልፍ አብሮ ይሰጣልና። በርካታ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪዎች በዚህ መንገድ ለሚገቡ ፕሮግራሞች የተለየ የይለፍ ቃል ወይም ሌላ የማረጋገጫ ዘዴ ይጠይቃሉ።

6. የአማርኛ ጉዳይና የአማርኛ ፋይል ስም

ራስጌ ከዋናው ጽሑፍ ይበልጥ ጥብቅ ሕግ አለው። በራስጌ ያለ የአማርኛ ቃል በልዩ ምልክቶች ታጥሮ፣ በዩቲኤፍ 8 መጻፉ ተገልጾ፣ በቤዝ 64 ይጻፋል። የአንዱ እሽግ ርዝመት ከ75 ምልክት መብለጥ የለበትም። ከእነዚህ 12ቱን አጥሩ ስለሚወስዳቸው የሚቀሩት 63 ናቸው፤ ቤዝ 64 በአራት አራት ስለሚሄድ 60ው ለጽሑፉ ይውላሉ። 60 ምልክት 45 ባይት፣ 45 ባይት ደግሞ 15 የአማርኛ ሆሄ ነው። ጉዳዩ ከ15 ሆሄ ከበለጠ በሁለትና ከዚያ በላይ እሽግ ይከፈላል፤ አንድ ሆሄ ግን በሁለት እሽጎች መካከል መቆረጥ የለበትም። ይህን ሕግ ሳያከብሩ በእጅ የሚጽፉ ፕሮግራሞች በጉዳዩ መካከል የተበላሸ ምልክት ያስከትላሉ።

የፋይል ስም ሌላ ስልት አለው። እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ምልክት ስለሚጻፍ አንዱ ሆሄ 9 ምልክት ይሆናል። ፓይተን ይህንን በትክክል ይጽፋል፤ አንዳንድ አሮጌ የኢሜይል ፕሮግራሞች ግን አያነቡትም። ራስጌን በቀጥታ በዩቲኤፍ 8 ለመጻፍ የሚያስችል ድንጋጌ በ2012 ወጥቷል፤ ይሁን እንጂ በመንገዱ ላይ ያሉ ሰርቨሮች ሁሉ ሊቀበሉት ይገባል። ስለሆነም ለማያውቁት ተቀባይ አስፈላጊ ሰነድ ሲላክ የፋይሉን ስም አጭር ማድረግና በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ፣ የአማርኛውን ርእስ ደግሞ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ መግለጽ አስተማማኝ ነው።

ማጠቃለያ

የኢሜይል አባሪ በፊደላት ተጽፎ በአንድ ወጥ ጽሑፍ ውስጥ የሚጓዝ የባይቶች ስብስብ ነው። በሰላም መድረሱ የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፦ ባይቶቹ ሳይነኩ በመነበባቸው፣ ወደ አስኪ በትክክል በመጻፋቸውና መለያዎቹ ከይዘቱ ጋር በመስማማታቸው። ፓይተን አብዛኛውን ድካም ያቀልልናል፤ የትኛው ፋይል ለማን እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የ«ኢ» የዩኒኮድ ቁጥር 4770፣ ባይቶቹም 225፣ 138 እና 162 ናቸው። የቤዝ 64 ቡድኖቹ 56፣ 24፣ 42 እና 34 መሆናቸውን ያረጋግጡ።

2. በ«ሰላም» ሠንጠረዥ ውስጥ አራተኛው ቡድን የዩኒኮዱ ቁጥር ለ64 ሲካፈል ከሚተርፈው ቁጥር ጋር እኩል ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ከዩቲኤፍ 8 አሠራር ተነሥተው ያስረዱ።

3. 6,000,000 ባይት የሆነ ፋይል በአባሪነት ሲላክ ስንት መስመርና በጠቅላላው ስንት ባይት ይሆናል?

4. አንድ መልእክት ለራስዎ አድራሻ ከነአባሪው ይላኩና ጥሬ ጽሑፉን ከፍተው የወሰን ምልክቱን፣ ሦስቱን መለያዎችና የ«4» እና የ«ዋይ»ን ድግግሞሽ ይፈልጉ።